የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳ

ጥቅምት 9

ውድ ጋሼ፣

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። መጀመሪያ ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ቤት ገብቼ ተቀምጬ ደገምኩት። ደህና መሆንዎን ሳይ ልቤ አረፈ። እኔም ተመስገን ደህና ነኝ። «እየበላሽ ነው ወይ?» ላሉት የጠበበኝ የላቦራቶሪ ጋዋን ምስክሬ ነው። አዲስ እሰፋልሻለሁ ሲሉኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ልኬን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። እጅጌውን ብቻ አያስረዝሙት፤ ብልቃጥ እየጠለፈ ያስገለብጠኛል።

«ታማሚ መፈለግሽስ ይሁን፣ የጤነኛ ሰው ደም ምን ያደርግልሻል?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥቁር ነው ተብሎ የተሸጠልዎ ጨርቅ ለካ ሰማያዊ መሆኑ የሚታወቀው እውነተኛው ጥቁር ከጎኑ ሲዘረጋ አይደል? ይህም እንደዚያው ነው። ለመመረቂያ ጥናቴ ስኳር ያለባቸውን የስልሳ ሰዎች ደም ስኳር ከሌለባቸው ስልሳ ሰዎች ደም ጎን አስቀምጬ ማየት አለብኝ። ታማሚዎቹ ሞልተውልኛል። የጠፉኝ ጤነኞቹ ናቸው፤ ያውም ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆኑ። እርስዎ ሰፈሩን ስለሚያውቁት ጥቂት ሰው ቢያሰባስቡልኝ ውለታዎን አልረሳም።

የምለካው ሁለት ነገር ነው። አንዱ በደም ውስጥ ያለ ቅባት ነው። ሁለተኛውን ለእርስዎ ዝገት ብዬ ልጥራው። እርጥብ ጨርቅ ላይ ተሰክታ የሰነበተች መርፌ ምን እንደምትሆን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ሰውነታችንም የምንተነፍሰውን አየር እየተጠቀመ ሲሠራ እንደዚያ ያለ ዝገት ያወጣል፤ ደግሞም ራሱ ያጸዳዋል። ስኳር ሲበዛ ግን ዝገቱ ጽዳቱን ይቀድመዋል፤ ያኔ ቅባቱም ይዝጋል፣ የደም ሥሩም ይጎዳል። አባቴ ዐይኑ ጠፍቶ የሄደው በዚህ በሽታ ስለሆነ፣ በየብልቃጡ የምፈልገው እሱን ነው ብልዎ አልዋሸሁም።

አንድ አደራ አለኝ። በጤና ጣቢያው ሲስተሯ ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ትሰጣለች፤ እርስዎ የደንበኛን ልብስ በኮሌታው ውስጥ በሚሰፏት ቁራጭ ጨርቅ ላይ በቁጥር እንደሚለዩት ማለት ነው። እኔ ዘንድ የሚደርሰው ቁጥሩ ብቻ ነው። የማን እንደሆነ ማወቅ የለብኝም። ስለዚህ ቁጥርዎን በደብዳቤ እንዳይጽፉልኝ። ስትሄዱም በባዶ ሆድ ይሁን።

ከስተዋል አሉ፤ እውነት ነው? ለመሆኑ መርፌውን አሁን ማን ነው ክር የሚያስገባልዎ? ያ የልጅነት ሥራዬ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ክርዎ

ጥቅምት 24

ልጄ ክሬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ትእዛዝሽን ፈጽመናል! ዘጠኝ ወንዶች፣ አንዱ ከአንዱ የባሰ ፈሪ፣ ሐሙስ ጠዋት ጤና ጣቢያው በር ላይ ተሰለፍን። ከመሄዳችን በፊት ለድፍረት ያህል ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ተሰብስበን ሻይ ጠጥተን ነበር። ሲስተሯ «ባዶ ሆዳችሁን ናችሁ?» አለች። «አዎ» አልን በአንድ ድምፅ። «ምንም አልቀመሳችሁም?» «ከሻይ በቀር ምንም።» «ስኳር ነበረው?» ስትል የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቀደም ብሎ «ስኳር የሌለው ሻይማ ምኑን ሻይ ሆነ!» አላት። ዘጠኛችንንም እንደ ዶሮ እሽ ብላ አባረረችን። ሻይ ምግብ ነው እንዴ ክሬ? በማግስቱ ግን ጉሮሯችን ደርቆ ተመለስንና እጃችንን ሰጠናት።

ቁጥሬን አልነግርሽም፤ አደራ አደራ ነው። ሲስተሯ «ጤነኛ» በሚለው ላይ ምልክት ስታደርግልኝ ግን ደረቴን ነፍቼ እንደነበር እወቂልኝ። «መቼ ነው ሐኪም ቤት የሄዱት?» ብትለኝ «ወንድሜን ላስታምም» አልኳት። ሰፈሩ ብረቱ የሚለኝ በከንቱ መሰለሽ?

«ከስተዋል አሉ» ያልሽው የማን ወሬ ነው? ሱሪዬን ሁለት ጊዜ ማጥበቤ እውነት ነው፤ ሰውነቴ ቀለል አለኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም። ውሃም በደንብ እጠጣለሁ፤ ጆጉ ከስፌት መኪናዬ ጎን አይለይም። ውሃ ጠጡ እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ የኖርሽው አንቺ አይደለሽ? ስለ መርፌው ጠይቀሻል። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ክር የማስገባው ራሴ ነበርኩ። የዘንድሮ መርፌ ግን ቀዳዳው ጠቧል። ፋብሪካዎቹ ብረት ተረፋቸው መሰለኝ። ስለዚህ ፀጉር አስተካካዩ ጠዋት ጠዋት አሥር መርፌ ክር አስገብቶ መሰኪያዬ ላይ ይደረድርልኛል፤ እኔም በፈንታው የሚያለብሳቸውን ጨርቆች እዘመዝምለታለሁ። ከመንገድ ሻጭም አንድ ወፍራም መነጽር መርጬ ገዝቻለሁ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርፌዬን ዘይት እየቀባሁ ከዝገት አድኜዋለሁ። አንቺ ደግሞ ቅባት ከዝገት ጋር ወዳጅ ነው ትያለሽ። ከዩኒቨርሲቲሽና ከመርፌዬ ማንን ልመን?

አጎትሽ

ኅዳር 11

ውድ ጋሼ፣

ለዘጠኙም ምስጋናዬን ያድርሱልኝ፤ ለሻዩ ድፍረት ጭምር! ደብዳቤዎን ለባልደረቦቼ ሳነብላቸው የዘንድሮ መርፌ ላይ ሲደርስ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ።

ለጥያቄዎ መልሱ ከራስዎ አፍ ነው። ስፌት ሲለምዱ የመኪናው ዘይት አልቆብዎ የምግብ ዘይት ጨመሩበት ያሉኝ ትዝ ይልዎታል? ከወር በኋላ ዘይቱ እንደ ሙጫ ሆኖ የመኪናውን ሆድ ቀርቅሮ ያዘው፤ ሙያውን ያስተማሩዎ ጌታዎም ጆሮዎን በመቀስ እጀታ ቆነጠጡት። ጋሼ፣ ዘይት ራሱ ይዝጋል። ንጹሕ ሳለ ያለሰልሳል፤ አየር ሲበላው ግን ይጣበቃል። በደም ውስጥም ሲበዛና ሲዝግ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ሙጫ ይሆናል። እና መርፌውንም ዩኒቨርሲቲውንም ይመኑ።

አሁን የጨነቀኝን ልንገርዎ። ደሙን በማሽን ስናሽከረክረው ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠራ ቢጫ ውሃ ይቀራል። ማክሰኞ ዕለት ከጤነኞቹ ሳጥን ያወጣሁት አንድ ብልቃጥ ግን ከላዩ ወተት ነበር። ወተት! በብልቃጡ ማዶ ጣቴ አይታየኝም። በልቶ የመጣ ሰው መስሎኝ ልጥለው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ከመጣሌ በፊት ግን ስኳሩን ለካሁት። ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት። ከመቶ ባያልፍ ነበር ደጉ። ቅባቱ ደግሞ ከመቶ ሃምሳ በታች መሆን ሲገባው አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ። ዝገቱም ከታማሚዎቹ ከብዙዎቹ ይበልጣል። ይህ ሰው ስኳር እንዳለበት አያውቅም፤ ወይም አውቆ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል።

አማካሪዬ ዶክተር ወዲያው ለሲስተሯ ደወሉላት። እሷም ሁለት ጊዜ ልካበት «እመጣለሁ» ብሎ ቀርቷል። ስሙን እኔ አላውቅም፤ እሷም ልትነግረኝ አትችልም። ግን ቁጥሩ ከእናንተ ጤና ጣቢያ ከመጡት ነው፤ አርባ አንድ ቁጥር። ይህን ለእርስዎ መጻፌ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ቅባቱ እዚህ ደረጃ ሲደርስ ቆሽቱ በአንድ ቀን ሊቆጣ ይችላል፤ ዐይኑ፣ ኩላሊቱና ልቡም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። እባክዎ ማንንም ሳይጠቁሙ ዘጠኙንም «ወረቀታችሁን እዩ፣ አርባ አንድ የሆነ ሲስተሯ ዘንድ ይሂድ» ይበሉልኝ።

ክርዎ

ኅዳር 28

ልጄ ክሬ፣

የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም ይዞኝ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። አንቺስ ደህና ነሽ? ብርዱ እንዴት ነው? ጋዋንሽን ጀምሬዋለሁ። ጨርቁ ጥሩ ነው፤ ታጥቦ የሚሸበሸብ አይደለም። ኪሱን ጥልቅ አድርጌዋለሁ። ኮሌታው ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው።

ያልሽኝን ለሁሉም ተናግሬያለሁ። ፀጉር አስተካካዩ አርባ አንድ አይደለም። ዘበኛውም አይደለም። ሌሎቹም አይመስሉኝም። ከዘጠኛችን ሰዓት ሠሪው ግን ነገር ያለው ይመስለኛል። ሰሞኑን ትንንሾቹን ብሎኖች እየሳተ ነው፤ ዝምታም አብዝቷል። ብጠይቀው እንዲህ አለኝ እንበል፦ «ጤነኛ ነኝ ብዬ ፈርሜ ታማሚ ሆኜ ብገኝ የልጅቷ ጥናት አይፈርስም ወይ? ስልሳ ያለችው ሃምሳ ዘጠኝ ቢሆንባት አትወድቅም ወይ?» ይህ ነው አንዱ ፍርሃቱ።

ሌላም አለ። ልጁ በዚህ በሽታ ሰው ቀብራለች። ያንን ሐዘን ሁለተኛ ደጇ ላይ ማድረስ አልፈልግም ይላል። ሰውዬው ሞኝ ነው አትበይ፤ ይወዳታል።

ደግሞ አንድ ነገር ንገሪኝ፣ ለሱ ነው። ወተቱ ይጠራል? ወይስ አንዴ ወተት የሆነ ደም ወተት ሆኖ ይቀራል? ዐይኑስ እንዲሁ እየደበዘዘ ነው የሚሄደው?

አጎትሽ

ታኅሣሥ 10

ውድ ጋሼ፣

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰውዬውን አገኙልኝ ማለት ነው! ለሰዓት ሠሪው የሚከተለውን ያንብቡለት። እንደ ልማድዎ እያሳጠሩ ሳይሆን ቃል በቃል ያንብቡለት።

«ጋሼ ሰዓት ሠሪ፣ ጥናቴ አይፈርስም። በአንድ ሰው የሚፈርስ ጥናት ከሆነ ይፍረስ። ወተቱ ይጠራል። መድኃኒቱ አለ፣ ምግብዎን ያስተካክላሉ፣ በእግርዎ ይሄዳሉ፤ በጥቂት ወር ውስጥ ይጠራል። የዐይንዎ መደብዘዝም ከስኳሩ መናር የመጣ ብቻ ከሆነ ስኳሩ ሲወርድ ይገፈፋል። ሐኪም ግን አይቶ መለየት አለበት፤ ከዚህ በላይ ከቆዩ ማንም አይመልሰውም።

«ልጅዎን ማስደንገጥ አይፈልጉም አሉ። እስቲ እኔ ልንገርዎ። አባቴ ዐይኑ ሲደክም ሁለት ዓመት ደበቀን። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ይዘረጋና ‹የዛሬው ወሬ አይረባም› ብሎ ያጥፈው ነበር። አንድ ቀን ሻይ ላቀርብለት ስወጣ ጋዜጣው ተዘቅዝቋል። ፊደሉ ሁሉ በጭንቅላቱ ቆሟል፤ እሱ ግን ያነባል። አሥር ዓመቴ ነበር። እንዳያፍርብኝ ብዬ ሻዩን አስቀምጬ ገባሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እሱ እኔን ላለማስደንገጥ ዝም አለ፣ እኔ እሱን ላለማሳፈር ዝም አልኩ፤ በመካከላችን ዐይኑ ጠፋ። እርስዎ ለልጅዎ ይህን አያውርሷት። ትደንግጥ። ድንጋጤ ያልፋል።»

ጋሼ፣ ይህን ጋዜጣ ለእርስዎም ነግሬዎ አላውቅም። በሰው ደብዳቤ ውስጥ መስማትዎ ደስ አይልም፤ ይቅር ይበሉኝ። አባት ሲጠፋብኝ አባት የሆኑኝ እርስዎ ስለሆኑ ነው ዛሬ የማንንም አባት በዝምታ ማጣት የማልፈልገው።

እምቢ ካለዎት እጁን ይዘው ይውሰዱት።

ክርዎ

ታኅሣሥ 26

ክሬ፣

አነበብኩለት። ቃል በቃል። ጋዜጣው ላይ ስደርስ አቁሜ እንደገና ከላይ ጀመርኩት። የአባትሽ ወንድም ሆኜ፣ በየቀኑ በዚያ በር እየገባሁ እየወጣሁ፣ አንቺ በአሥር ዓመትሽ ያየሽውን እኔ አላየሁም።

ጋዋንሽን ልኬልሻለሁ። ልክሽ መሆኑን ስታዪ ኮሌታውን ገልብጠሽ ተመልከቺ። ቁጥር በደብዳቤ እንዳትጽፍ ብለሽኛል፤ አልጻፍኩም።

አጎትሽ

ጥር 6

ጋሼ፣

ሰላምታዬን ወደ ታች አስቀምጬዋለሁ፤ መጀመሪያ የምለው አለኝ።

ጋዋኑን ላቦራቶሪ ውስጥ ለበስኩት። ልክክ አለብኝ። ኮሌታውን ገልብጠሽ እዪ ያሉኝን የስፌቱን ጥራት ለማሳየት መስሎኝ ነበር። ባልደረባዬ ከኋላዬ ቆሞ «ይሄ አርባ አንድ የሚለው የልብሱ ቁጥር ነው?» አለኝ። ቁራጭ ጨርቅ፣ በቀይ ክር፣ አራትና አንድ። ወንበር ስጡኝ አልኩ።

ተናድጃለሁ፤ ይህን ልደብቅዎ አልችልም። ምስኪኑን ሰዓት ሠሪ በውሸት ስኳር ለጠፉበት! እኔም እሱን እያሰብኩ ሦስት ሳምንት ስጨነቅ ከረምኩ።

ግን ከእርስዎ ይልቅ ራሴ ነኝ የምናደድበት። ጆጉን ጽፈውልኝ ነበር። ሱሪውን ጽፈውልኝ ነበር። የዘንድሮ መርፌ ሲሉኝ ሰው ሰብስቤ ሳቅኩ። የማላውቃቸውን የመቶ ሃያ ሰዎች ደም በጠብታ ሳነብ፣ ያሳደገኝን ሰው ደብዳቤ ማንበብ አቃተኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ።

ደግሞ አመሰግንዎታለሁ። እስቲ ያስቡት፤ በእግርዎ ሐኪም ቤት የማይሄዱ ሰው፣ ለእኔ ሲሉ ባይሰለፉ ኖሮ ያንን ብልቃጥ ማን ያየው ነበር? እኔን ልርዳ ብለው እጅዎን ሰጡ፤ እርዳታው ዞሮ እርስዎን ያዘ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አለቅሳለሁ፤ ከደስታም ነው።

ለአማካሪዬ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። አርባ አንድ ቁጥርን ከእንግዲህ እኔ አልነካውም። ለሰው በመጻፌም በደንብ ተቆጥተውኛል፤ ይበለኝ። ሲጨርሱ ግን «አጎትሽ ሄደዋል ወይ?» አሉኝ። ስለዚህ እለምንዎታለሁ፦ ሰኞ ጠዋት ሲስተሯ ዘንድ ይሂዱ። በባዶ ሆድ። ሻይ ምግብ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ይቀበሉ፤ ሁለት ጉንጭዎን ስሜያለሁ። ጋዋኑን አውልቄው አላውቅም። ከታች አንዷ ቁልፍ ብቻ የለችም። እርስዎ ቁልፍ ረስተው አያውቁም ነበር፤ ረሷት ወይ?

ክርዎ

ጥር 24

ልጄ ክሬ፣

ሄጃለሁ። ሰኞ ሳይሆን እሑድ ቢከፈት እሑድ እሄድ ነበር፤ ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ መጣ። ሲስተሯ ገና ከበሩ ስታየኝ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ብረቱ! ሁለት ወር ሙሉ አንድ ሰፈር እየኖርን ስንደባበቅ!» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ በፊት በሷ በር ላለማለፍ በገበያው በኩል እዞር ነበር፤ እሱንም ታውቀዋለች።

የሐኪሙን ቃል መስማት ትፈልጊያለሽ። ሆስፒታል ላከኝና ዐይኔን በመብራት ተመለከቱት። ከውስጥ ጥቂት የጉዳት ምልክት አለ፣ ግን ገና ነው፣ በጊዜ ደርሰዋል አሉኝ። «በጊዜ» የሚለውን ደጋግመው እንዲሉልኝ ጠየቅኳቸው። መነጽሩን አስጥለውኛል፤ ስኳሩ ሳይረጋጋ መነጽር አይለካም አሉ። ሁለት ዓይነት ክኒን እውጣለሁ። ሻዬ ስኳር የለውም፤ ምኑን ሻይ ሆነ ብሎ ዘበኛው ያሾፍብኛል፣ ግን እሱም የራሱን ቀንሷል። የተጠበሰ ነገር ከቤቴ ወጥቷል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር እስከ ድልድዩ ሄደን እንመለሳለን፤ እሱ ያወራል፣ እኔ እራመዳለሁ።

ሰዓት ሠሪው ሰምቷል። ሱቄ መጥቶ «እኔ ላይ ምን አየህብኝ?» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ኮቱን ገበር ቀይሬለት ታረቅን። ሆኖም ነገሬ አስደንግጦት ተመርምሯል፤ እንደ ፈረስ ጤነኛ ነው። በእኔም ቦታ ታላቅ ወንድሙን ለጥናትሽ ልኮልሻል፣ ባዶ ሆዱን፣ ያለ ሻይ። ስልሳሽ ሞላልሽ።

ይቅርታ አትጠይቂኝ። የደበቅሁሽ እኔ ነኝ። ኅዳር ላይ ደብዳቤሽን ስከፍት አርባ አንድ የሚለውን አይቼ ወረቀቴን ከመሳቢያ አወጣሁ፤ አየሁት፤ መልሼ ቆለፍኩት። በማግስቱም ከፈትኩት፣ ቁጥሩ የሚቀየር ይመስል። ብረቱ ነኝ እያልኩ ስፎክር ከውስጥ ዝጌ መገኘቴ አሳፈረኝ። አንቺን ማፈር ደግሞ ከማንም ይከብዳል። ያንቺ ያ ጋዜጣ ነው ያስነሣኝ። ወንድሜም ካለበት ሆኖ ያመሰግንሻል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቁልፏ በሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

አጎትሽ

ግንቦት 3

ውድ ጋሼ፣

እንኳን ደስ አለን! የሁለተኛውን ምርመራ ውጤት በስልክ ከሲስተሯ ሰምተውት ይሆናል፤ እኔ ግን ያላየችውን ልንገርዎ።

እርስዎ በጽሑፍ ስለፈቀዱ ሁለተኛውን ደምዎን ባልደረባዬ ነው የሠራው። እኔ ከክፍሉ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ እመላለስ ነበር። ማሽኑ ሲቆም ጠራኝ። ብልቃጡን በመስኮቱ ብርሃን ፊት ያዘውና ከኋላው ጋዜጣ አደረገልኝ። ጋሼ፣ ፊደሉን በእርስዎ ደም ውስጥ አሳልፌ አነበብኩት። የጠራ፣ ቢጫ፣ ምንም ወተት የሌለው። ጋዜጣውን ያመጣው እንዲሁ እጁ ስለገባለት ነው፤ ስለ አባቴ ምንም አያውቅም። ለምን እንደማለቅስ ቢጠይቀኝ ጋዜጣውን ስጠኝ አልኩት።

ስኳሩ መቶ አሥራ ስምንት፣ ቅባቱ መቶ ዘጠና። ትንሽ ይቀረዋል፣ ግን ከየት እንደመጣ ያስቡት። ዝገቱም ከግማሽ በታች ወርዷል። ይህ ማለት ክኒኑ ይቁም ማለት አይደለም! የሰማሁትን ሰምቻለሁ፤ «ጠርቶልኛል፣ ከእንግዲህ ለምን እውጣለሁ?» ብለው ሲስተሯን ጠይቀዋታል። የጠራው ስለሚውጡት ነው። የስፌት መኪናዎን ጥሩ ስለሰፋ ብለው ዘይት ይከለክሉታል?

«እኔ ከየትኛው ወገን ነኝ?» ላሉት፣ ከጤነኞቹ ወጥተዋል፣ ከታማሚዎቹም ስልሳው ቀድሞ ስለሞላ አልገቡም። ጥናቱ ውስጥ ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «አንድ ተሳታፊ በምርመራው ወቅት በሽታው ስለተገኘበት ወደ ሕክምና ተልኳል።» መምህራኑ ሲፈትኑኝ ማንም ስለዚያች መስመር አልጠየቀኝም። ከመቶ አሥር ገጽ ውስጥ ከሁሉ የምወዳት ግን እሷን ነው።

አልፌያለሁ ጋሼ። የቆምኩትም እርስዎ በሰፉት ጋዋን ነው። የተሳታፊ ስም መጻፍ ስለማይፈቀድ የምስጋናው ገጽ ላይ «ኮሌታዬን ላቆመልኝ» ብዬ ጽፌያለሁ። አንብበው የገባቸው አማካሪዬ ብቻ ናቸው።

በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ። ቁልፏ አሁንም የለችም።

ክርዎ

ግንቦት 19

ልጄ ክሬ፣

«አንድ ተሳታፊ!» ብረቱ እንኳ ብትዪ ምን ነበረበት? ፀጉር አስተካካዩ ያቺን መስመር በትልቁ ጽፎ ከመስታወቱ በላይ ሰቅሎልኛል። የሚላጨው ሁሉ ማን ነው ይላል፤ በምላጩ ወደ እኔ ሱቅ ይጠቁማል። እንደ ዘንድሮ ተከብሬ አላውቅም።

እንኳን ደስ ያለሽ። ወንድሜ ልጁን አደራ ሲለኝ የማሳድጋት እኔ መስሎኝ ነበር። አንቺ ነሽ ለካ አደራው የተሰጠሽ። እንዴት እንደማመሰግንሽ አላውቅም፤ ሰፊ ነኝ፣ የማውቀውን ነው የምልክልሽ።

ቁልፏን አልረሳኋትም። ታኅሣሥ ላይ ጋዋንሽን እጨርስ ነበር። ቁጥሩን ኮሌታው ላይ ጠልፌ፣ ስድስቱን ቁልፎች ተክዬ፣ አንዷ ስትቀር ፀጉር አስተካካዩ ክር ያስገባልኝ መርፌዎች አለቁ። እሱ ለቅሶ ቤት ሄዶ ነበር። ራሴ ልሞክር ብዬ ተቀመጥኩ። ክሩን በምራቄ አረጠብኩት፣ መርፌዋን ወደ መስኮቱ ያዝኩ፤ ሁለት መርፌ ሆና ታየችኝ። ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ አልቆጠርኩም። ያን ቀን ነው ከልቤ የፈራሁት። መንገደኛ ጠርቼ አስገቡልኝ ለማለት አፈርኩ፤ አጣጥፌ እንዲሁ ላክሁልሽ።

ወረቀቱን ስታገላብጪ ተጠንቀቂ፣ እንዳትወጋሽ። ከወረቀቱ ጥግ ቁልፏን አስሬ መርፌዋን ሰክቼያታለሁ። ነጩን ክር ዛሬ ጠዋት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሦስቴ ሳትኩ፣ በአራተኛው ገባ። ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ ቆሞ ሲያየኝ ነበር፤ እጁን ሊዘረጋ ብሎ ተወው።

የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳው ደህና ነው፣ ክሬ። ቁልፏን ትከዪና በእሷ ቆልፈሽ ነዪልኝ።

አጎትሽ